ኤስኬኤስ ጠመንጃ ጥይት አላጎርስ ሲል፦ ችግሩን ለይቶ የማስተካከያ መመሪያ

ከቡሬም፣ ከደጀንም፣ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «አንዱን ይተኩሳል፣ ሁለተኛውን አያጎርስም፤ ምን ላድርገው?» አብዛኛው ጠያቂ የያዘው ኤስኬኤስ ስለሆነ መመሪያው በእሱ ላይ ያተኩራል። ኤስኬኤስ 7.62×39 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ ከሥሩ አሥር ጥይት የሚይዝ ቋሚ ካዝና ያለው፣ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው።

ይህ የተጻፈው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አውጥቶ ለያዘ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማጽዳት፣ ማየትና መለየት ነው። ብረት መሞረድ፣ ማጠፍና መብሳት የለበትም። ምክንያቱን በየቦታው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እወቁ

ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በበርሜሉ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ከላይ ወዳለው የጋዝ ቱቦ ይገባል። እዚያ ያለውን ፒስተን ወደ ኋላ ይመታዋል፤ ፒስተኑም ከኋላው ባለ ገፊ ዘንግ በኩል የመዝጊያውን ተሸካሚ ይገፋል። መዝጊያ የምለው በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት ነው። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ያወጣል። ከኋላ ያለው ሞላ ደግሞ መልሶ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በዚያ ጉዞው ከካዝናው አፍ ላይ ያለችውን ጥይት ወደ በርሜሉ ያስገባል።

ስለዚህ «አያጎርስም» የሚባለው ችግር ከአራት ቦታ ይመጣል፦ ከጥይቱ፣ ከካዝናው፣ ከመዝጊያውና ከጥይት ማረፊያው (ጥይቱ ገብቶ ከሚተኮስበት የበርሜሉ ኋላ)፣ ወይም ከጋዙ መንገድ። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉንም መነካካት የደህናውን ክፍል ጤና ያሳጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ ጋዝ (ላምባ)፣ አንድ ሲኒ ያህል። ቤንዚን አይሆንም፤ ትነቱ ከሩቅ እሳት ይስባል።
- ቀጭን የማሽን ዘይት ወይም የጠመንጃ ዘይት
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ አሮጌ ነጠላ ቢሆን ይመረጣል፤ ክሩ እንዳይቀር ግን ተጠንቀቁ
- አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
- ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው የበርሜል መወልወያ ዘንግና ብሩሹ
- የተሳለ ቀጭን እንጨት፣ የጥርስ መፋቂያ የሚያህል
- ባትሪ መብራት
- የፈላ ውኃና ማንቆርቆሪያ
- ክፍሎቹን በቅደም ተከተል የምትደረድሩበት ነጭ ጨርቅ

ፒንሳ፣ መዶሻና ሞረድ ከአጠገባችሁ አርቁ።

ችግሩን በዓይን መለየት

ጠመንጃው በቆመበት ጊዜ ምን እንደሚታይ አስታውሱ። አራት ዓይነት ነው።

ሀ) ቀለሁ ወጥቷል፣ መዝጊያው ግን ባዶ ላይ ተዘግቷል። ካዝናው ውስጥ ጥይት አለ፤ አልተነሣም። ይህ ሁለት ምክንያት ይኖረዋል፦ ወይ ካዝናው ጥይቱን ወደ ላይ አልገፋም፣ ወይ መዝጊያው በቂ ያህል ወደ ኋላ አልሄደም። መለያው ቀላል ነው። የማቀባበያ እጀታውን በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ስትለቁት ጥይቱ ከገባ፣ ካዝናው ደህና ነው፤ ጉድለቱ ከጋዙ መንገድ ነው። በእጅም ስትስቡት ካልገባ ጉዳዩ ካዝናው ነው። ይህን ሙከራ ግን መተኮስ በሚፈቀድበት ቦታ፣ አፈሙዙን ወደ ከፍ ያለ አፈር አዙራችሁ እንጂ ቤት ውስጥ አታድርጉ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ለ) ጥይቱ ግማሽ ገብቶ አፍንጫው ተሰክቷል። ካዝናውን ከሥር የሚይዘው ቁልፍ በደንብ አልያዘም፣ ወይም የካዝናው አፍ ተጣሟል፣ ወይም ጥይቱ ራሱ ተበላሽቷል።

ሐ) ባዶው ቀለህ አልወጣም፤ አዲሱ ጥይት ከኋላው መጥቶ ገጭቶታል። የጥይት ማረፊያው ቆሽሿል ወይም ዝጓል፤ ካልሆነም ቀለህ የሚጎትተው ጥፍር ሥር ቆሻሻ ሞልቷል።

መ) ቀለሁ ሲወጣ በመዝጊያው ተነክሶ ቆሟል። አብዛኛውን ጊዜ የጋዝ ጉልበት ማነስ ነው።

ደረጃ 1፦ ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ

መጠበቂያውን ዝጉ። አፈሙዙን ሰው፣ ከብትና ቤት ወደሌለበት አዙሩ። ከዚያ አስቀድማችሁ ካዝናውን ከሥር ክፈቱት፤ ጥይቶቹ ይወርዳሉ። እጀታውን የምትስቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በርሜል ውስጥ ያለው ጥይት ይወጣል።

ቅደም ተከተሉ ለሕይወት ነው። ካዝናው ሳይራገፍ መጀመሪያ እጀታውን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፤ «አወጣሁት» ብሎ ሲያምን ጠመንጃው ጎርሷል።

አሁን ባዶውን ካዝና ዝጉና እጀታውን ወደ ኋላ ሳቡት፤ መዝጊያው ኋላ ላይ ይቆማል። በመብራት እዩ፤ ከዚያም ትንሿን ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ። ዓይን በጨለማ ይሳሳታል። ጥይቶቹን ሰብስባችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይቆዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቃታ ተስቦ ያልተኮሰ ጥይት በርሜል ውስጥ ካለ ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን እንዳዞራችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ። አንዳንድ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳል።

ደረጃ 2፦ ጥይቱን መርምሩ

ጠመንጃ ተወቅሶ ጥይት ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እያንዳንዱን ጥይት በጨርቅ ጥረጉና በብርሃን አገላብጡት።

በቆዳ ዝናር ለዓመታት የቆየ ጥይት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ቆዳው የተለፋበት አሲድና ላብ የቀለሁን ነሐስ ስለሚበሉት ነው። ያ ዝገት ጥይቱን ያወፍረዋል፤ ማረፊያው ውስጥም ያጣብቀዋል። ቀለል ያለው በደረቅ ጨርቅ ይለቃል። ብረቱን ቆፍሮ የገባውን ለዩትና አትተኩሱት። ቀለሁ የተጨፈለቀ፣ እርሳሱ ወደ ውስጥ የሰመጠ ወይም በእጅ ሲነካ የሚወዛወዝ ጥይትም እንዲሁ ነው። እርሳሱ ሲሰምጥ በውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ይጨምራል።

እርጥብ ጥይትን ከምድጃ አጠገብ ወይም በጠራራ ፀሐይ አታድርቁ። ጥይቱንም ዘይት አትቀቡ። «እንዲንሸራተት» ተብሎ የሚደረገው ቅባት አቧራ ይሰበስባል፣ በካፕሱሉ (መምቻ መርፌዋ በምትመታው፣ ከቀለሁ ሥር ባለው መቀጣጠያ) ዙሪያ ሰርጎ ጥይቱን ያከሽፋል፣ ሲተኮስም መዝጊያው ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል።

ደረጃ 3፦ ካዝናውን ፈትሹ

ከላይ በ«ሀ» እና በ«ለ» የተጻፈው ችግር ያለበት ሰው እዚህ ጊዜ ይውሰድ።

ካዝናውን ከፍታችሁ ጥይት ገፊውን ምላስ በጣት ወደ ውስጥ ተጫኑና ልቀቁት። ያለ ማመንታት ተስፈንጥሮ መመለስ አለበት። እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ ቆሻሻ ይዞታል። በላምባ በራሰ ብሩሽ ምላሱንም፣ ከሥሩ ያለውን ሞላም፣ የካዝናውን ግድግዳም እጠቡ፤ አድርቁ። እዚህ ዘይት በጣት ጫፍ የተነካካ ያህል ይበቃል። ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት፣ በተለይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ስትወርዱ፣ ዘይት የበዛበት ካዝና አቧራውን ጠጥቶ ጭቃ ይሆናል።

ብዙ ሰው ኑግ ዘይት ወይም ቅቤ ይቀባል። እባካችሁ ተዉት። ኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ከወራት በኋላ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቅቤ ደግሞ በደጋ ብርድ ይረጋል። ከሰከላም ሆነ ከጮቄ ግርጌ «ጠዋት ጠዋት አያጎርስም፣ ሲሞቅ ይሻለዋል» የሚል ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የቀባውን ነው።

ካዝናውን ስትዘጉ ቁልፉ «ቀጭ» ብሎ መያዝ አለበት። ከዚያ ይዛችሁ አወዛውዙት። ወደ ታች የሚሰጥ ከሆነ የጥይቱ አፍንጫ ከበርሜሉ አፍ በታች ይመታል፤ ግማሽ ገብቶ የሚሰካው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልፉ የሚይዝበትን ጎድጓዳ በእንጨቱ ጠርጉ። ንጹሕ ሆኖም ከለቀቀ ቁልፉ ተበልቷል፤ ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ይሂድ።

የካዝናው አፍ ጠርዞች ቀጥ ያሉና የማይቧጥጡ ይሁኑ። ተጣመው ብታዩ በፒንሳ አታቃኑ። ጥይቱ የሚነሣበትን ማዕዘን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የፀጉር ያህል ቢዛነፉ አዲስ ችግር ትገዛላችሁ።

ሞላውን ለመለየት ቁጥሩን ተመልከቱ። አሥር ሲሞላ እንቢ ብሎ አምስት ሲሆን የሚሠራ ካዝና ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን አጉርሶ የመጨረሻዎቹን ሁለት የሚተው ከሆነ ሞላው ደክሟል፤ መፍትሔው መቀየር እንጂ መለጠጥ አይደለም። የተለጠጠ ሞላ ለጥቂት ቀን ይሠራና ጭራሹን ይሞታል።

ቋሚውን ካዝና አስወልቃችሁ ሃያ ወይም ሠላሳ ጥይት የሚይዝ ረጅም ካዝና ያስገጠማችሁ ካላችሁ ዋናውን መልሱት። ኤስኬኤስ ለእነሱ አልተሠራም፤ ብዙዎቹ በትክክል አይገጥሙም።

ደረጃ 4፦ መዝጊያውን አውጥታችሁ እጠቡ

መጀመሪያ ካዝናውን ከሥር ከፍታችሁ፣ እጀታውን ትንሽ ስባችሁ በመልቀቅ መዝጊያውን ወደ ፊት መልሱት፤ ኋላ ላይ እንደቆመ ክዳኑን ማንሣት የታመቀውን ሞላ ፊታችሁ ላይ ያስፈነጥረዋል። ከዚያ በስተቀኝ ከኋላ ያለችውን የክዳን ቁልፍ ወደ ላይ አዙሩና ወደ ጎን ሳቡ። ክዳኑ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሞላው ይከተላል። ተሸካሚውን ወደ ኋላ ስባችሁ ስታነሡት መዝጊያው አብሮት ይወጣል። ሁሉንም በወጡበት ቅደም ተከተል ነጩ ጨርቅ ላይ ደርድሩ።

መዝጊያውን በላምባ እጠቡ። ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር ሥር በተሳለው እንጨት ጠርጉ፤ የነሐስ ፍርፋሪና ጥላሸት እዚያ ይደበቃል። ጥፍሩ ቆሻሻ ሲሞላበት ቀለሁን ጠበቅ አድርጎ አይነክስም፤ «ሐ» ያልኩት ችግር ከዚህ ይመጣል።

አሁን የምነግራችሁን ደጋግማችሁ አንብቡት። መዝጊያውን ጆሯችሁ አጠገብ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ውስጡ ያለችው መምቻ መርፌ ስትመላለስ መሰማት አለባት። በአብዛኞቹ ኤስኬኤስ ላይ መርፌዋን ወደ ኋላ የሚይዛት ሞላ የለም። በደረቀ ቅባት ወይም በፋብሪካ ግሪስ ወደ ፊት ተጣብቃ ከቀረች፣ መዝጊያው ጥይቱን ሲያስገባ ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል፤ አንዳንዴም ካዝናው እስኪያልቅ አያቆምም። ቤት ውስጥ ጥይት አቀባብላችሁ አትሞክሩ ያልኩት ለዚህ ነው። መዝጊያውን ላምባ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩት፣ አራግፉት፣ እንደገና ስሙት። እንቅስቃሴዋ ካልተሰማ ጠመንጃው ጥይት አይግባበት። በመርፌዋ መንገድ ላይ ዘይት አታፍስሱ፤ ደረቅ ሆና ትሠራለች።

ደረጃ 5፦ የጥይት ማረፊያውና በርሜሉ

በየቦታው የሚገኘው የቆየ የወታደር ጥይት አብዛኛው ካፕሱሉ ሲነድ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ወራት በአንድ ሌሊት ዝገት ይጀምራል። ላምባና ዘይት ጨውን አያሟሙትም። የሚያሟሟው ውኃ ነው።

ስለዚህ ከተተኮሰ በኋላ ሳይውል ሳያድር የፈላ ውኃ ከጥይት ማረፊያው በኩል ወደ አፈሙዙ አፍስሱ። የእንጨቱ ሰደፍ እንዳይርስ አፈሙዙን ወደ ታች ያዙ። የጋለው ብረት ራሱን ቶሎ ያደርቃል፤ ቢሆንም ጨርቅ አሳልፉበት። ከዚያ ማረፊያውን በብሩሹ እያዞራችሁ ፈትጉ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ። ስታስቀምጡት ስስ ዘይት ይቀባ፤ ከመተኮሳችሁ በፊት ግን ማረፊያውን አድርቁት።

ብርጭቆ ወረቀት በጣት ጠቅልሎ ማረፊያውን ማሸት የተለመደ ስሕተት ነው። ብረቱን ያቦጫጭረዋል፤ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጥና ጭረቱ ላይ ይጣበቃል።

ደረጃ 6፦ የጋዙ መንገድ

ችግሩ «ሀ» ሆኖ በእጅ ሲሳብ የሚያጎርስ ከሆነ፣ ወይም «መ» ከሆነ፣ መልሱ እዚህ ነው።

ከኋለኛው ማለሚያ በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ወደ ላይ አንሡ፤ የጋዝ ቱቦው ከእንጨቱ ጋር ይነሣል። ቁልፏን ከመጠን በላይ አታዙሩ፤ ከማለሚያው ውስጥ ያለው ገፊ ዘንግ ከነሞላው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፒስተኑን ከቱቦው አውጡ። ሁለቱንም በፈላ ውኃ፣ ቀጥሎ በላምባ እጠቡ፤ ጥቁሩን ጥላሸት በብሩሽ አንሡ።

መለኪያው ይህ ነው፦ ፒስተኑን ወደ ቱቦው መልሳችሁ ቱቦውን ስታዘነብሉት ፒስተኑ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መውጣት አለበት። ከተያዘ ገና አልጸዳም ወይም ዝጓል።

ይህን ክፍል ደረቅ ተዉት። ዘይት የተቀባ ፒስተን በጥቂት ተኩስ ዘይቱ ተቃጥሎ ከሰል ይሆንና ራሱን ያጣብቃል። ፒስተኑን በብርጭቆ ወረቀት ማቅጠንም ጉዳት ነው፤ ጋዙ በጎን ሾልኮ ጉልበት ያንሳል። የበርሜሉን የጋዝ ቀዳዳ በምስማር ወይም በመሰርሰሪያ ማስፋት ደግሞ የማይመለስ ጥፋት ነው፤ ጠመንጃው ለጥቂት ጊዜ የተሻለው ይመስላል፣ ኋላ ግን መዝጊያው ከልክ በላይ እየተመታ ይሰነጠቃል።

ደረጃ 7፦ መልሳችሁ ግጠሙና ያለ ጥይት ፈትኑ

በወጣበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ግጠሙ። እነዚህን እዩ፦ እጀታው ያለ መንጠልጠል እስከ መጨረሻ ይሳባል፤ ካዝናው ባዶ ሲሆን መዝጊያው ኋላ ላይ ይቆማል፤ ካዝናውን ከሥር ከፍታችሁ እጀታውን ትንሽ ስባችሁ ስትለቁት መዝጊያው በሙሉ ጉልበት ይዘጋል፤ መጠበቂያው ሲዘጋ ቃታው አይሄድም። ካዝናው ባዶና ዝግ ሆኖ መዝጊያው ኋላ ላይ ካልቆመ የካዝናው ምላስ ወደ ላይ እየደረሰ አይደለም፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ በጥይት መፈተን

መተኮስ በሚፈቀድበት ቦታ፣ ከኋላው ከፍ ያለ አፈር ባለበት፣ ለጎረቤትና ለቀበሌ አሳውቃችሁ። ለለቅሶና ለሠርግ ወደ ሰማይ በሚተኮስ ጥይት ጠመንጃ አይፈተንም፤ የወጣው እርሳስ ይወርዳል፣ ሰውም ይገድላል።

መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ አስገቡ። ተኩሱ። ቀለሁን ጥሎ መዝጊያው ኋላ ላይ ከቆመ ጋዙ በቂ ነው። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። በአንዴ አሥር አትሙሉ፤ መርፌዋ ተጣብቃ ቢሆን በሁለት ጥይትና በአሥር ጥይት መካከል ያለው ልዩነት የሰው ነፍስ ነው። በአንድ ቃታ ሁለት ከተተኮሰ እዚያው አቁሙ፣ አራግፉ፣ እንደገናም አትሞክሩት።

ዘወትር የማያቸው ስሕተቶች

እጀታውን በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መመለስ። ድምፅ ለመቀነስ ይደረጋል፤ ነገር ግን ሞላው ጉልበቱን ስለሚያጣ ጥይቱ ግማሽ ላይ ይቀራል ወይም መዝጊያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እስከ መጨረሻ ሳቡ፣ እጃችሁን አንሡ።

ጠመንጃውን ከምድጃ በላይ መስቀል። ጭሱና ጥላሸቱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ደረቅ ቦታ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። በላስቲክ ወይም በቆዳ አፎት ለወራት አታቆዩት፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል።

ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር። ጥይትም ቀይሮ፣ ካዝናም አጥቦ፣ ሞላም ለውጦ የተሻለው ሰው መንስኤውን አላወቀም፤ በሚቀጥለው ሲመለስበት ከዜሮ ይጀምራል። አንዱን አስተካክሉ፣ ፈትኑ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለው ወይም ስንጥቅ፣ የተሰበረ ጥፍር፣ የማትንቀሳቀስ መርፌ ካያችሁ ወደ ሕጋዊ ጠጋኝ ውሰዱት። ስትሄዱ «አይሠራም» ብቻ አትበሉ። ከሀ እስከ መ ካሉት የትኛው እንደሆነ፣ በስንተኛው ጥይት ላይ እንደሚቆም፣ በእጅ ሲሳብ ያጎርስ እንደሆነና ምን ዓይነት ጥይት እንደተጠቀማችሁ ንገሩት፤ ባዶዎቹን ቀለሆችም ያዙለት፤ ጭረታቸውንና የተሰረጎደውን ቦታ አይቶ ችግሩን ይለያል።